ፍሬን ገመድ ሲለምድ

የካቲት 2፣ ሰኞ

ባለቤቴ ዛሬ ከፋርማሲዋ ስትመለስ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ውስጡ ያየሁት ነገር የታጠበ ነጭ ካልሲ መስሎኝ «ሳይደርቅ ለምን ታመጪዋለሽ?» አልኳት። ካልሲው አዛጋ።

«ቡችላ ነው» አለች።

«ምኑ ነው ቡችላ? ከጫማዬ ያንሳል እኮ!»

«ዝርያው ነው፤ ከዚህ ብዙም አያድግም። አንዲት ደንበኛዬ ናት የሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት የምታወጣው አንተ ነህ። በገመድ መሄድ ገና አልለመደምና አስተምረው።»

እኔን ነው አስተምረው የምትለኝ! ዕድሜ ልኬን መኪና መንዳት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ፍሪሲዮንና ነዳጅ መስጫ የማይለዩ ሰዎች እጄ ላይ ሾፌር ሆነው ወጥተዋል። የማሠልጠኛችን ሥራ አስኪያጅ እንኳ መሪ የጨበጠው ከጎኔ ተቀምጦ፣ ላብ እያጠመቀው ነው። ታዲያ አንድ እፍኝ ውሻ ያቅተኛል? በሳምንት ጨርሼ አስረክብሻለሁ አልኳት።

«እናያለን» አለች። ይቺ «እናያለን» የምትላት ነገር መቼም ደስ ብላኝ አታውቅም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያ ትምህርት። ገመዱን አንገቱ ላይ ካለው ቀበቶ አያይዤ «እንሂድ» አልኩት። ቁጭ አለ። «ተነሥ» አልኩት። ተኛ። ትንሽ ሳብ ሳደርገው አራት እግሩን ዘርግቶ በሆዱ ተንሸራተተ። እንደዚያ ሆነን ከግቢው በር እስከ ልብስ ሰፊው ሱቅ ደረስን።

ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መንገዱንም መወልወል ጀመሩ?» አለኝ።

አላሳቀኝም። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄ ግን አራት እግር ይዞ ተወልዶ በሆዱ ይሄዳል። ቤት ስንገባ ስም አወጣሁለት፦ ፍሬን። ከዚህ ሌላ ስም አይገባውም። ባለቤቴ ስሙን ሰምታ ወንበር እስክትይዝ ሳቀች።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ፍሬን የገመዱን ጫፍ በላው። የጫማዬን ክርም። ከቤት ዘግይቼ ወጣሁ።

ባለ ዳቦ ቤቷን ሠልጣኜን (ፈተና ወድቃ ወድቃ ተስፋ ያልቆረጠች ጎበዝ ሴት ናት) መብራቱ ጋ ስንደርስ «ሂጂ» አልኳት። አልሄደችም። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላት፣ «መምህር፣ ቀይ ነው እኮ» አለች። ፀሐይ ፊት ለፊት ነበረች። ፀሐይ እያለች መብራት ማን ይለያል?

«ጎሽ! ልፈትንሽ ብዬ ነው» አልኳት። ደስ አላት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም።

የካቲት 8፣ እሑድ ማታ

ሥራ ስለሌለ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። የዚህ ደብተር መስመሮች ግን በጣም ደብዛዛ ናቸው። ዘንድሮ ወረቀት ፋብሪካዎቹም ቀለም መቆጠብ ጀምረዋል መሰለኝ።

ባለቤቴ የእንስሳት ሐኪም ጠይቃ መጣች። ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ የእስካሁኑ ሁሉ ስሕተት ነው። የእንደዚህ ዓይነት ትንንሽ ውሾች ጉሮሮ ስስ ስለሆነ አንገታቸው አይጎተትም፤ ገመዱ ደረቱን አቅፎ ከሚይዝ ማሰሪያ ጋር ነው የሚያያዘው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ገመዱን ራሱ እየጎተተ ይጫወትበት። ከዚያ ቁራጭ ጉበት ይዘን ሲከተለን እንስጠው። ገመዱ ሲወጠር መቆም፣ ሲላላ መሄድ። በቃ።

«ይሄማ ጉቦ ነው» አልኳት።

«ትምህርት ነው።»

«እኔ ለአንድም ሠልጣኝ ጉበት ሰጥቼ አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ ደጋግመው የሚወድቁት» አለች። አብረን አርጅተን ምላሷ ብቻ አላረጀም።

ሌላው ያናደደኝ ልብስ ሰፊው ነው። ጠዋት ፍሬንን ይዤ ሳልፍ አዲስ ግራጫ ኮት ለብሶ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። «እንደምን አደርክ» አልኩት። ዝም። አልሰማ ይሆናል ብዬ ቀረብ አልኩና «ኮቱ አምሮብሃል» አልኩት። አሁንም ዝም! ሰው ኮት ስለለበሰ የጎረቤቱን ሰላምታ ይነፍጋል? ባለፈው የቀለደብኝ ሳያንስ! ፍሬንም ታዝቦት ነው መሰለኝ እግሩ ሥር ሸናበት። ሐቁን ለመናገር አልተቆጣሁትም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ቁርስ ላይ የልብስ ሰፊውን ነገር ለባለቤቴ አነሳሁላት። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ትናንት እኮ እሱ የለም፤ እህቱ ጋ ሄዷል። ሱቁን የከፈተችው ሚስቱ ናት። አንተ ሰላም ያልከው በር ላይ ያቆሙትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ነው።»

«ልክ እንደ ሰው ነው እኮ የሠሩት!»

«ጭንቅላት የለውም» አለች።

ጭንቅላት የሌለው ነገር ሰው በሚያልፍበት ማቆም ራሱ ነውር ነው። ደግሞ ጭጋግ ነበር። «ጭጋግ?» አለችኝ። «አዎ፣ ጭጋግ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ተቀይማኝ ይሁን አዝናልኝ ይሁን ከፊቷ መለየት አልቻልኩም።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ፍሬን ማሰሪያውን ለምዷል። ገመዱን እየጎተተ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ይመላለሳል፤ ዘብ የቆመ ወታደር መስሏል። ሁለት ጊዜ ገመዱ ጠልፎኛል። አንደኛው ጊዜ ሶፋው ላይ ነው የወደቅኩት፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ጆሮ ጠቢ ሆኜ አይደለም፤ ግድግዳው ስስ ነው። «አያይም እኮ» ትላለች። «ፊቱ የተቀመጠውን አያይም። ብነግረው አይሰማኝም፣ ግትር ነው። በግድ ብለው ጭራሽ እልህ ይጋባል፤ ቀስ ብዬ ነው የማመጣው።»

አሳዘነኝ። የፍሬንን ግትርነት አልክድም፤ አያይም ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው። ጣሪያ ላይ የምትሄድ ዝንብ ቆጥሮ የሚከታተል ውሻ ነው! ገባሁና፣ «ተይ እንጂ፣ ሰው ጋ አታሚው። ዓይኑ ደህና ነው፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው» አልኳት።

ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ «ማን?» አለች።

«ፍሬን ነዋ!»

የእህቷ ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ሁለቱም ውሻ አይወዱም ማለት ነው።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ሄደ! ሄደ! ሄደ!

እኔ ጉበት ይዤ ወደ ኋላ እየተራመድኩ፣ እሱ ጅራቱን ቀስሮ እየተከተለኝ፣ ከግቢው በር እስከ ውኃ ቧንቧው! ገመዱ አንድም ጊዜ አልተወጠረም። ከደስታዬ ብዛት ስለጮህኩ የላይኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። «ምን ሆናችሁ?» አሉ ጎረቤቶቻችን። «ደህና ነን፣ ደህና ነን» አልኩ። ይህን እያልኩ ወደ ኋላ ስራመድ ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ተቀመጥኩ። ባልዲውን ማን እዚያ እንዳስቀመጠው እግዜር ይወቀው። ባለቤቴ «ይህን ቤት ከተከራየን ጀምሮ ቦታው እዚያ ነው» ትላለች።

ያም ሆነ ይህ፣ ፍሬን ሄዷል። ሠልጣኞቼ ፈተና ሲያልፉ እንኳ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ለባለቤቴ አልነግራትም።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። ሁሉም አሠልጣኝ እስከ ወሩ መጨረሻ የዓይን ምርመራ አድርጎ ይምጣ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እርስዎም» አለኝ። ለምን ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ አልገባኝም።

«እኔ በአሁኑ ሰዓት ውሻ እያሠለጠንኩ ነው፤ ጊዜ የለኝም» አልኩ።

ከወጣቶቹ አሠልጣኞች አንዱ፣ ሳቂታው፣ «ስንተኛ ማርሽ ገባ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ለምርመራ ምን ያስሮጠናል? መንገዱን እጄ ያውቀዋል። ዛሬ ወደ ኋላ ሳቆም የመለማመጃ ኮን መግጨቴ እውነት ነው። ግን ኮኑን ሌላ ሰው ነው እዚያ የተወው። ምናልባት። ማንም ስላላየኝ ወርጄ ቀጥ አድርጌ አቆምኩትና ሄድኩ።

የካቲት 22፣ እሑድ

ከማሠልጠኛው ጥቂት ኮን ተውሼ ግቢ ውስጥ ደረደርኩና ፍሬንን በመካከላቸው እየተጠማዘዝኩ አስኬድኩት። ባለቤቴን ፈታኝ አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት።

ፍሬን አንድም ኮን አልነካም። እኔ የመጀመሪያውን በጉልበቴ፣ ሌላውን በክርኔ ጣልኩት። የመጨረሻውን ደግሞ ውሻው መስሎኝ «ጎበዝ፣ ና እዚህ» አልኩት።

ፈታኟ ውጤቱን ተናገረች፦ «ውሻው አልፏል። አሠልጣኙ ወድቋል።» እንደ ሁልጊዜዋ አልሳቀችም። ቀድማኝ ወደ ቤት ገባች።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ሳትጠይቀኝ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዘችልኝ! ተጣላን።

«የማን ዓይን ነው?» አልኳት።

«የማንስ ባል ነው?» አለችኝ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ደህና ነው የማየው!» ብዬ ማልኩ። ከዚያ የገዛ መሐላዬ አስደነገጠኝ።

ቀጠሮው ከሰዓት ነበር። «ፍሬን ታሟል፣ ጥዬው አልሄድም» አልኩ። በዚያችው ቅጽበት ፍሬን የእኔን ካልሲ በአፉ ይዞ፣ ሶፋውን ዘሎ፣ ወንበር ሥር ሾልኮ፣ በፊታችን እንደ ጥይት አለፈ። ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ይሄ ነው። ባለቤቴ ቦርሳዋን ይዛ ብቻዋን ወጣች። የት እንደሄደች አልጠየቅኩም። ፍሬን መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ። እሱንም አፍሬ ማየት አቃተኝ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ጠዋት ፍሬንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትልቁ አስፋልት ይዤው ወጣሁ። ንፋስ ነበር። ከጎኔ፣ ገመዱን ላላ አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ሰው ይራመዳል። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገባና ለመጥረግ ገመዱን ለቀቅ አደረግኩት። ቀና ስል ከእግሬ ሥር የለም። አንድ ነጭ ነገር ብቻ እየተንከባለለ አስፋልቱ መሀል ሲገባ አየሁ።

አላሰብኩም። «ፍሬን! ፍሬን! ፍሬን!» እያልኩ ዘልዬ ገባሁ።

ታክሲው ቀጥ አለ። ከኋላው ያለው የጭነት መኪና ቀጥ አለ። ባለ ሞተር ሳይክሉ ወደ ዳር ወጥቶ ቀጥ አለ። ከወዲያኛው አቅጣጫ የምትመጣ መኪና ጎማዋ እየጮኸ መጥታ ጉልበቴን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ቆመች። እኔ ጎንበስ ብዬ ነጩን ነገር ይዣለሁ። ፌስታል ነበር። ባዶ ፌስታል።

ፍሬን የት ነው? እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ገመዱን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ተቀምጦ ያየኛል። ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ባለ ታክሲው በመስኮት ብቅ ብሎ «አባት፣ የማን ፍሬን ነው የተበጠሰው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የየራሱን ጎማ ያያል። ፊት ለፊቴ የቆመችው መኪና የእኛ የማሠልጠኛ መኪና ናት። ከመሪው ጀርባ ባለ ዳቦ ቤቷ፣ ከጎኗ የቅዳሜ ተረኛው፣ ሳቂታው ወጣት አሠልጣኝ። ወርዳ መጣች።

«መምህር፣ አላየሁዎትም ነበር። መስታወቱን እያየሁ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ እግሬ ራሱ ነው የሄደው። ፍሬን ባይሉ ኖሮ እኮ...» አልጨረሰችውም። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዳቦ ጋግራ ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ በእኔ ምክንያት ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ልትሆን ነበር።

ውሻዬን ነው የጠራሁት ማለት አፈርኩ። ከዚያ ግን አልኩት። ሳቂታው ወጣት አልሳቀም። ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ፍሬን ጋ ስደርስ ጅራቱን ቆላ።

እንግዲህ ፀሐይዋም አይደለችም። ጭጋጉም አይደለም። ወረቀት ፋብሪካውም ምንም አላደረገም። ዓይኔ አያይም። ይኸው ጻፍኩት።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

የዓይን ሞራ ነው፤ ሁለቱም ላይ። ሐኪሟ ልጅ የምትመስል ናት፤ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ሞራው ወጥቶ በምትኩ ትንሽ ሌንስ ይገባል፣ ብዙ ሰው ይድናል አለች። መጀመሪያ የባሰበት ቀኝ ዓይኔ ይሠራል። «እስካሁን እንዴት ሳይታወቅዎት ቀረ?» ስትለኝ ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማሠልጠኛው ሄድኩ። የመኪናዬን ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ሐኪም እስኪፈቅድልኝ መሪ አልነካም» አልኩት። ከወንበሩ ተነሣ። «ጋሼ፣ ቦታዎ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም» አለ። መሪ ሲጨብጥ ያላበው ያ ልጅ አሁንም እጁ አልቦታል። ቶሎ ወጣሁ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ሥራ የለም። ፍሬንና እኔ በቀን ሁለቴ እንወጣለን። የእንስሳት ሐኪሙን ደንብ አሁን ራሱ ያስከብራል፤ እኔ ስቸኩልና ገመዱ ሲወጠር ቁጭ ይላል፤ ሳላላለት ይነሣል። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ዛሬ ጭንቅላት አለኝ፤ ሰላም ይበሉኝ» አለኝ። ሰምቷል ማለት ነው፤ መንደር ምስጢር አይቋጥርም። ሳቅኩለት።

ማታ ባለቤቴን ጠየቅኳት። «ውሻውን ከመጀመሪያው ለዚህ ብለሽ ነው ያመጣሽው?»

«ለምን?»

«ከመኪና እንድወርድ።»

ሹራቧን መሥራት ቀጠለች። «ብነግርህ ትሰማኝ ነበር? ደንበኛዬ ቡችላ አለኝ ስትል ጊዜ፣ ይሄ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዓይኑ እንደደከመ ራሱ ያውቀዋል፣ ቢጋጭም የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ፌስታል ተከትለህ አስፋልት ትገባለህ ብዬ መቼ ጠረጠርኩ!»

የምናደድ መስሎኝ ነበር። አልተናደድኩም። ስንት ቀን ሥራ ወጥቼ እስክመለስ እንዴት እየሆነች እንደምትጠብቀኝ አሰብኩ። አንድም ቀን አልጠየቅኳት።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ነገ ነው። ዓይን ውስጥ መሣሪያ ያስገባሉ። ዓይን ውስጥ! አልፈራሁም። የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ነው። አልጋው ላይ አወጣሁት፤ ለሱ ብዬ ነው። ባለቤቴ «ሁለታችሁም ተኙ» አለች።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

በአንድ ዓይን ነው የምጽፈው፤ ግን እንዴት ያለች ዓይን! ሐኪሟ መሸፈኛውን ስታነሳው መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ከዚያ ጉንጯ ላይ ያለች ጠቃጠቆ አየሁ። «ጠቃጠቆ አለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ነርሶቹ ሳቁ።

ቤት ስገባ ዞር ዞር አልኩ። ጣሪያው ተሰንጥቋል። ነጭ ነው የምለው መጋረጃ በአቧራ ግራጫ ሆኗል። የሸረሪት ድር በየጥጉ። «ይሄ ቤት እንዲህ ቆሻሻ ነበር?» አልኩ።

«መልሰው ይሸፍኑልህ?» አለች ባለቤቴ።

ፍሬንን ወንበር ላይ አስቀምጬ አየሁት። ሽፋሽፍት አለው። ረጃጅም ሽፋሽፍት፣ እንደ ሙሽራ። ከዚያ ቀና ብዬ እሷን አየኋት። ደህና አድርጌ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው? ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። ዓይኖቿ ሥር የማላውቃቸው መስመሮች አሉ፤ እኔ ሳላያት የተሰመሩ።

«ምነው?» አለች። «አረጀሁ?»

«አይ» አልኳት። «አምረሻል።»

ፊቷን አዙራ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ፣ በክንዷ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» አለች።

መክተፊያውን አየሁ። ቢላዋውን አየሁ። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየሁ። አንድም ሽንኩርት የለም።